ከግላንዱ ጋር የማይተዋወቅ ዳዶ ወደ ጂንካ ሲጫን

ጥር 17 ቀን 2003 ዓ.ም. በጂንካ በተከበረው 13ኛው የአርብቶ አደሮች ቀን የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በታችኛው ኦሞ ሰፊ የመስኖና የስኳር ልማት እንደሚጀመር ከተናገሩ ወዲህ፣ ደቡብ ኦሞ ለአዲስ አበባ ነጋዴ የቱሪስት አገር ብቻ መሆኗ ቀርቷል። እያንዳንዳቸው በቀን 12,000 ቶን አገዳ እንዲፈጩ የታቀዱት የኦሞ ኩራዝ ሁለትና ሦስት ፋብሪካዎች በቻይናው ኮምፕላንት ተተክለዋል። ኦሞ ኩራዝ አንድ በብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን እጅ ተጀምሮ ከተያዘለት ጊዜ እጅግ ዘግይቷል። ከስኳሩ ጎን የጥጥ እርሻዎች፣ የወንዝ ዳር ፓምፖች፣ የውኃ ጉድጓዶች፣ የቱርሚና የጂንካ ሎጆች ጄኔሬተሮች አሉ። ጂንካም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ሆናለች። ማዕከል የሆነ ከተማ ቢሮ ይፈልጋል፤ ቢሮውም መብራት፣ ፓምፕና ጄኔሬተር ይፈልጋል።

እነዚህን ሁሉ የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። ሞተር ባለበት ኬብል አለ፤ ኬብል ባለበትም ኬብሉ ወደ ሞተሩ ወይም ወደ ማከፋፈያው ሳጥን የሚገባበት ቀዳዳ አለ። በዚያ ቀዳዳ ላይ ኬብሉን አንቆ የሚይዘው ዕቃ ግላንድ ይባላል። ግላንዱን ደግሞ ከሳጥኑ ውስጥ በኩል ቀፍድዶ የሚያስቀረው አንድ ስስ ዳዶ አለ፤ ባለሙያዎች ሎክ ነት ይሉታል፤ መቆለፊያ ዳዶ ብንለውም ያስማማል። ዋጋው ከግላንዱ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል ባለመሆኑ አንዳንድ ሻጮች እንደ ምራቂ ይቆጥሩታል። ከአንዱ ካርቶን ጎድሎ ሲገኝ ከሌላው ካርቶን ዘግነው ይሞሉታል። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚሁ ዘግኖ መሙላት ላይ ነው፤ ምክንያቱም ጉድለቱ የሚገለጠው መርካቶ ላይ ሳይሆን ከአዲስ አበባ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዕቃውን የሚቀይር ሱቅ በሌለበት ስፍራ ነውና።

ዕቃው ምን ይሠራል?

ግላንድ ሦስት ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ይሠራል። ኬብሉ ቢጎተት ውስጥ ያለው የሽቦ ማሰሪያ እንዳይነቀል ይይዘዋል፤ ውኃና አቧራ ወደ ሳጥኑ እንዳይገባ ይዘጋል፤ በብረት ሽቦ የተሸፈነ አርመርድ ኬብል ከሆነ ደግሞ ያንን የብረት ሽፋን ከሳጥኑና ከመሬት መስመር ጋር ያገናኛል። መቆለፊያው ዳዶ የሚያስፈልገው የሳጥኑ ግድግዳ ስስ ላሜራ ወይም ፕላስቲክ ሲሆን ነው። ስስ ላሜራ ጥርስ ሊወጣለት ስለማይችል ቀዳዳው ልሙጥ ይሆናል፤ ግላንዱ ከውጭ ይገባል፣ ዳዶው ከውስጥ ይጠብቃል፣ ላሜራው በሁለቱ መካከል ይጣበቃል። ግድግዳው ወፍራም ሆኖ ጥርስ የወጣለት ከሆነ ግን ግላንዱ በራሱ ስለሚገባ ዳዶ ላያስፈልግ ይችላል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ደላላ ለማያስፈልገው ደንበኛ ዳዶ ጭኖ፣ ለሚያስፈልገው ሳይጭን ይቀራል።

ዳዶው ለምን ስስ ሆነ? የሚል ይኖራል። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ የግላንዱ ጥርስ ርዝመትም በተለመደው ባለ 20 ዓይነት ላይ 10 ወይም 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚያ 10 ሚሊ ሜትር ላይ ላሜራው፣ የውጭው ጎማ፣ የውስጡ ራንዴላና ዳዶው ራሱ መደርደር አለባቸው። የሳጥኑ ግድግዳ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ እንደሆነ ለዳዶው የሚቀረው ጥርስ እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ ገዢው ግድግዳው ወፍራም መሆኑን ከነገረዎት ረጅም ጥርስ ያለውን ግላንድ ይስጡት። ብዙ መደብሮች አጭሩን ብቻ ያስቀምጣሉ፤ ረጅሙን የያዘ ነጋዴ በትንሽ ገንዘብ ከጎረቤቱ ይለያል።

አራት ወንድማማች የሚመስሉ ዳዶዎች

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከጂንካ የተደወለ ስልክ «ባለ 20 ሎክ ነት 200 ፍሬ» ይላል እንበል። ደላላው ዕቃውን ፈልጎ ጭኖ ኮሚሽኑን ይቀበላል። ነገር ግን «ባለ 20» የተባለው ዕቃ በገበያችን ቢያንስ አራት ልዩ ልዩ ዕቃ ነው።

አንደኛው ትክክለኛው ነው፤ ኤም 20 በ1.5 ይባላል። የውጭ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ግላንድ የሚቀበለው ዳዶ ነው። በዚህ መለኪያ ከኤም 16 እስከ ኤም 63 ድረስ ያሉት የግላንድ ጥርሶች በሙሉ ርቀታቸው ይኸው 1.5 ነው።

ሁለተኛው የቡሎን ዳዶ ነው። ስሙ ኤም 20 ነው፤ ስፋቱም 20 ነው። ነገር ግን ተራው የቡሎን ጥርስ ርቀቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በግላንድ ላይ በወጉ አይገባም። ጂንካ ያለ የግንባታ ዕቃ መደብር «20 ዳዶ» ሲባል የሚያወጣው ይህንኑ ነው፤ አይፈረድበትም። ከዚህም የከፋው «ሎክ ነት» የሚለው ስም ራሱ ነው። በመካኒኮች ዘንድ ሎክ ነት ማለት ውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው የቡሎን ዳዶ ነውና፣ ትእዛዙን የተቀበለ ሰው ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄዶ ወፍራሙን ዕቃ በቅን ልቦና ገዝቶ ሊልክ ይችላል።

ሦስተኛው ተንኮለኛው ነው፤ ፒጂ 13.5 ይባላል። ፒጂ የድሮው የጀርመን የኤሌክትሪክ ቱቦ ጥርስ ነው። አውሮፓውያኑ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በሜትሪክ ተክተውታል፤ ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት የተተከሉ ማሽኖች አሁንም ስላሉና የእስያ ፋብሪካዎችም ማምረቱን ስላላቆሙ፣ ሁለቱ ዓይነቶች በአንድ ካታሎግ ጎን ለጎን ይታተማሉ። የፒጂ 13.5 ግላንድ የውጭ ስፋት 20.4 ሚሊ ሜትር፣ የጥርስ ርቀቱ 1.41 ነው። በዓይን ከኤም 20 ለይቶ ማወቅ ለባለሙያም አስቸጋሪ ነው። «13.5» የሚለው ቁጥርም ከዕቃው ስፋት ጋር የማይገናኝ ስለሆነ አያግዝም። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፦ የፒጂ 13.5 ዳዶ በኤም 20 ግላንድ ላይ ይገባል። ይዞራል፣ ያዝ ያደረገም ይመስላል። የያዘው ግን በጥርሱ ጫፍ ብቻ ነው። ሠራተኛው በቁልፍ ጠበቅ ሲያደርገው ይላጣል፤ ወይም የባሰው፣ ሳይላጥ ቀርቶ ሥራው ተረክቦ፣ ሞተሩ ለወራት ከተንቀጠቀጠ በኋላ ይለቃል።

አራተኛው የግማሽ ኢንች የውኃ ቧንቧ ዳዶ ነው። ስፋቱ ወደ 20.96 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.81 ገደማ ነው። በኤም 20 ላይ እየተንገዳገደ ይገባና ከአንድ ሁለት ዙር በኋላ ይነክሳል። ቧንቧ ሠሪና ኤሌክትሪክ ሠሪ አንድ ሰው በሚሆንበት ገጠር ይህ የተለመደ ፈተና ነው። አሜሪካን ሠራሽ ጄኔሬተር ወይም ፓምፕ ከመጣ ደግሞ አምስተኛ ዘመድ ይጨመራል፤ ኤንፒቲ የሚባለውና ጥርሱ ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄደው ዓይነት ነው። የግማሽ ኢንቹ ስፋት 21.3 ሚሊ ሜትር ነው።

ታዲያ ነጋዴው በምን ይለይ? ካሊፐር ያለው በካሊፐር ይለካ፤ 20.0፣ 20.4 እና 20.9 በካሊፐር ላይ በግልጽ ይለያያሉ። ካሊፐር ያልያዘ በተራ ማስመሪያ 6 የጥርስ ርቀት ይለካ፤ በሜትሪኩ 9 ሚሊ ሜትር፣ በፒጂው 8.5 ገደማ፣ በቧንቧው ወደ 11 ይመጣል። ከሁሉም ቀላሉ ግን እጅ ነው። ትክክለኛው ዳዶ ያለ ቁልፍ፣ በሁለት ጣት ብቻ፣ ከጥርሱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ሳይወላገድና ሳይነክስ ይሄዳል። ከየካርቶኑ አሥር ፍሬ አውጥቶ እንዲህ መሞከር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከአንድ የጭነት መኪና ምልልስ ጋር ይተያይ።

ለምን ይለቃል? ከለቀቀስ?

በደቂቃ 1,450 ጊዜ ያህል የሚዞር የፓምፕ ሞተር ሌሊትና ቀን ሲንቀጠቀጥ፣ የኬብሉ ክብደት ወደ ታች ሲስብ፣ የቀኑ ሙቀት ብረቱን ሲያስረዝምና የሌሊቱ ቅዝቃዜ ሲያሳጥር ማንኛውም ዳዶ የመላላት ዝንባሌ አለው። ጂንካ ደጋማ ነፋስ የሚነፍስባት፣ ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት። ወደ ኦሞራቴ ሲወርዱ ግን አገሩ ሌላ ነው፤ ቆላው ያቃጥላል፣ አቧራው ይገባል። አንድ ዓይነት ዕቃ ለሁለቱም መላክ የሚቻለው ለከባዱ ስፍራ የሚበቃውን ሲመርጡ ብቻ ነው።

ዳዶው ሲላላ ጎማው ይከፈታል። ካታሎጉ ላይ አይፒ 68 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር የግላንዱ ነው እንጂ የቀዳዳው አይደለም። በዚህ መለኪያ የመጀመሪያው አኃዝ ስለ አቧራ፣ ሁለተኛው ስለ ውኃ ይናገራል፤ 6 ማለት አቧራ ፈጽሞ አያስገባም፣ 8 ማለት ውኃ ውስጥ ተጠልቆ ይቆያል ማለት ነው። ጎማው ከሌለ ወይም ዳዶው ካልጨመቀው ያ ቁጥር ወረቀት ላይ ይቀራል። በአገዳ ፋብሪካ የሚበተነው የገለባ ብናኝና የሚረጨው ጣፋጭ ጭማቂ፣ በእርሻው ላይ ደግሞ ጭቃውና ጉንዳኑ በዚያች ክፍተት ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሞተር ያቃጠለ ሁሉ ያውቀዋል፤ እርጥበት በማሰሪያዎቹ መካከል ብልጭታ ይፈጥራል፣ ጥቅሉ ይቃጠላል፣ ፓምፑ ይቆማል። ሞተሩን እንደገና ለማስጠምጠም ወደ አርባ ምንጭ ወይም ወደ አዲስ አበባ መጫን ግድ ሊሆን ይችላል። ጥጡ ወይም አገዳው ግን ውኃውን አይጠብቅም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቁጠባ ነው።

የገንዘቡ ነገር ይህ ነው። የሰው ሕይወት ነገር ደግሞ አለ፤ በእኛ ግምት ይህ ዕቃ እንደ ምራቂ የማይቆጠርበት ዋነኛው ምክንያትም ይኸው ነው። በአርመርድ ኬብል ላይ የብረት ሽፋኑ ከሳጥኑ ጋር የሚገናኘው በግላንዱና በዳዶው በኩል ነው። ዳዶው ከላላ፣ ወይም በቀለም በተቀባ ላሜራ ላይ ከተቀመጠ፣ ግንኙነቱ ይደክማል ወይም ይቋረጣል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ ሳጥኑን ቢነካ የመሬት መስመሩ ኃይሉን ወስዶ ብሬከሩን ማስጣል ሲገባው አያስጥለውም፤ ሳጥኑ 220 ቮልት እንደያዘ ይቆያል። የመስኖ ፓምፕ ባለበት መሬቱ እርጥብ ነው፤ ቦዩን የሚጠብቀው ሰው ብዙውን ጊዜ ባዶ እግሩን ነው። ስለዚህ ገጣሚው ዳዶው በሚያርፍበት ስፍራ ቀለሙን ይፋቅ፣ ከዳዶው ሥር ጥርሳማ ራንዴላ ያስገባ። የመሬት ሽቦ የሚታሰርበት የናስ ጆሮ ከግላንዱ ጋር ይሸጣል፤ እሱን ከሳጥኑ የመሬት ማሰሪያ ጋር በሽቦ ማገናኘት ዳዶው ብቻውን ከሚሰጠው ግንኙነት ይልቅ አስተማማኝ ነው። ሳጥኑ ፕላስቲክ ከሆነማ ዳዶው ምንም ያህል ቢጠብቅ መሬት አይሆንም፤ ጆሮው የግድ ነው።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ አንቆይም። ጎማው ወይም የፕላስቲክ ራንዴላው ከውጭ፣ በግላንዱና በሳጥኑ መካከል ይሆናል። ጥርሳማው ራንዴላና ዳዶው ከውስጥ ይሆናሉ። በአንድ ቁልፍ የግላንዱን አካል ይዘው በሌላው ዳዶውን ያዞራሉ፤ ግላንዱን ራሱን ቢያዞሩ ኬብሉ ይጠመዘዛል፣ ጎማውም ይቀደዳል። መጀመሪያ ግላንዱ ከሳጥኑ ጋር ይጠብቃል፣ ኬብሉን የሚያንቀው የኋላው ራስ ከዚያ በኋላ ይጠብቃል። ቀዳዳው በትራፓኖ ሲበሳ ለኤም 20 ከ20.5 ሚሊ ሜትር እምብዛም እንዳይሰፋ፤ በእሳት የተበሳ ቀዳዳ ግን በምንም ዳዶ አይዘጋም። ኢታኖል በሚመረትበትና ፈንጂ ጋዝ በሚኖርበት ስፍራ ያለው ፍንዳታ መቋቋሚያ ሳጥን ሕጉ ሌላ ነው፤ በዚያ ላይ ግላንዱ በሳጥኑ ጥርስ ውስጥ ይገባል እንጂ በልሙጥ ቀዳዳና በዳዶ አይያዝም። እንዲህ ያለ ትእዛዝ የመጣለት ነጋዴ ያለ ኢንጂነር ምክር ባይነካው ይሻላል።

ናስ፣ ፕላስቲክ እና የናስ መሳይ

በገበያችን የሚገኘው የናስ ግላንድ ከሕንድም ከቻይናም ይመጣል። በሕንድ የጉጅራት ግዛት ያለችው ጃምናጋር በናስ ዕቃዎቿ የታወቀች ናት፤ በቻይና የዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ያለችው ዩቺንግ ደግሞ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከተማ ነች። ከየትም ይምጣ፣ ነጋዴው ማጣራት ያለበት ዳዶው ከግላንዱ ጋር አንድ ዓይነት ብረት መሆኑን ነው። ግላንዱ ናስ ሆኖ ዳዶው የተቀባ ብረት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ማግኔት ያስጠጉ፤ ናስ አይሳብም። የዚንክ ቅይጥ የሆነው ግን በማግኔት አይጋለጥም፤ የዳዶውን ጠርዝ በሞረድ ፈቅ ያድርጉት፣ ናስ ከሆነ ከነጩ የኒኬል ቅብ ሥር ቢጫ ይወጣል። በማዳበሪያ መጋዘን አካባቢ ለሚተከል ሳጥን ናስም ቢሆን እንከን አለበት፤ አሞኒያ ናስን ይሰነጥቃል። ለዚያ ስፍራ ፕላስቲኩ ወይም የማይዝገው ብረት ይመረጣል።

ፕላስቲኩ ርካሽ ነው፣ አይዝግም፤ በፀሐይ ኃይል ለሚሠሩ ትንንሽ ፓምፖች ብዙውን ጊዜ በቂ ነው። ግን ፀሐይ ያደርቀዋል። ግራጫውን ከቤት ውስጥ፣ ለፀሐይ ተብሎ የተሠራውን ጥቁር ከውጭ ማድረግ የተለመደ ነው። የፕላስቲክ ዳዶ በናስ ግላንድ ላይ ማሰር ግን ቁጠባ አይባልም፤ ሲጠብቅ ይላጣል፣ በሙቀት ደግሞ ቀስ በቀስ ይለጠጥና ይላላል። የፕላስቲክ ግላንድ አብዛኛውን ጊዜ ከነዳዶውና ከነራንዴላው በአንድ ከረጢት ይመጣል። የናሱ ግን ዳዶው ለብቻው የሚሸጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ መደባለቁም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ አስመጪው በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ ሳንቲም ለመቆጠብ ቢጥር አይገርምም። ነገር ግን ቁጠባው ከዳዶው አይጀምር። ከቻይናም ሆነ ከሕንድ ሲያዙ ግላንዱን፣ ዳዶውን፣ ጎማውንና ራንዴላውን በአንድ ከረጢት እንዲያሽጉ መጠየቅ ይቻላል። ከመርካቶ የሚገዛ ቸርቻሪም ካርቶኑን ከፍቶ በየዓይነቱ ለይቶ፣ በየመደርደሪያው «ኤም» እና «ፒጂ» ብሎ በትልቁ ቢጽፍ ወጪው የአንድ ማርከር ነው። ከምናለሽ ተራ የተለቀመ ያገለገለ ዳዶ ለበር ማጠፊያ ይሁን፤ ለ380 ቮልት ሳጥን አይሁን።

ደላሎች ደግሞ ከጂንካ፣ ከቱርሚም ሆነ ከሐና ስልክ ሲደወል «ባለ ስንት?» ብለው ብቻ ስልኩን አይዝጉ። የሚጠየቀው ጥያቄ ረጅም አይደለም። ግላንዱ ከእናንተ ዘንድ አለ ወይስ አብሮ ይላክ? ካለ በአካሉ ላይ ምን ተጽፏል? ሳጥኑ ላሜራ ነው፣ ፕላስቲክ ነው ወይስ ወፍራም ቀላጭ ብረት? ኬብሉ አርመርድ ነው? የኬብሉ የውጭ ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር ነው? የመጨረሻው ጥያቄ የማይዘለል ነው፤ ኤም 20 የሚለው ቁጥር የቀዳዳው እንጂ የኬብሉ አይደለምና፣ ዳዶው ልክ ሆኖ ግላንዱ ኬብሉን የማያንቅ ሊሆን ይችላል። ዛሬ በየኪሱ ካሜራ አለ፤ ዕቃው ከማስመሪያ ጎን ተቀምጦ ፎቶው ይላክ።

ደረሰኙም «ሎክ ነት 20» አይበል። «የግላንድ መቆለፊያ ዳዶ፣ ናስ፣ ኤም 20 በ1.5» ይበል። እንዲህ የተጻፈ ደረሰኝ ዕቃው ሳይገጥም ቢቀር ጥፋቱ የሻጩ ይሁን የገዢው በግልጽ ያሳያል፤ ብዙ ጭቅጭቅም ይቀንሳል። ለደቡብ ኦሞ የሚጫን ከሆነ በእኛ አስተያየት ከ100 ግላንድ ጋር 10 ያህል ትርፍ ዳዶ መጨመር ተገቢ ነው፤ ስስ ዳዶ ከሠራተኛ እጅ አምልጦ ቦይ ውስጥ መግባት ይወዳልና። ትርፎቹም ከዚያው ካርቶን የወጡ ይሁኑ።